በአንድ ሰፈር ውስጥ አራት ዓይነት ተነሺ፦ የመልሶ ማልማት ክርክር ለምን አያግባባም?

አዲስ አበባ ውስጥ «ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ተይዟል» የሚል ወሬ ሲወጣ ወዲያው የሚነሳው ጥያቄ «ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም?» የሚል ነው። እድር ድንኳን ውስጥም፣ ቡና ላይም፣ የወረዳው አዳራሽ በር ላይም ሰው የሚከራከረው በዚሁ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን የትም አያደርስም። አንድ ግቢ፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ የውሃ ቧንቧ የሚጋሩ ጎረቤታሞች በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ያው ፕላን ለአንዱ የቤት ባለቤት መሆኛ ዕድል ይሆናል፤ ለሌላው ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ማጣት ይሆናል፤ ለሦስተኛው ደግሞ አንዲት ወረቀት ሳይሰጠው መውጣት ይሆናል። ስብሰባ ላይ ሲጯጯሁ የሚውሉት ሰዎች ሁሉም እውነታቸውን ነው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማን ምን ዓይነት ነዋሪ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ይህን ስብሰባው ከመጠራቱ በፊት ያደረገ ሰፈርና ያላደረገ ሰፈር የሚያገኙት ውጤት በጣም ይለያያል።

ቤቶቹ እንዴት እዚህ ደረሱ

የመሀል ከተማው ችግር ሥሩ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን በሙሉና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጡ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ያኔ እንዲቀንስ ተደርጎ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ። ለድሃው ሕዝብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ዛሬም በወር ጥቂት ብር እየከፈለ መሀል ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ሞልቷል። ነገር ግን በዚያ ኪራይ ቀበሌው ቆርቆሮ እንኳ መቀየር አይችልም። ተከራዩ በበኩሉ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ይፈራል፤ ላድስ ቢልም ፈቃድ መለመን አለበት። በዚህ መሀል የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ እየተበላ፣ ቆርቆሮው እየዛገ፣ ቤተሰቡ ደግሞ እየበዛ ሄደ።

«ይፍረስልን» የሚሉትን ነዋሪዎች የማያዩ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ስምንትና አሥር አባወራ በአንድ ጉድጓድ ሽንት ቤት የሚጠቀምበት፣ መምጠጫ መኪና የማይገባበት፣ ሌሊት እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና ከዋናው መንገድ ላይ ቆሞ የሚቀርበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከመኝታ በታች የሚያልፍበት ሰፈር «ይቆይ» ሲባል ለሚኖርበት ሰው ቅጣት ነው። በሌላ በኩል «አይንካን» የሚሉትም የሚሉት አላቸው። ጉሊት ያላት እናት ገበያዋ ያው ሰፈሩ ነው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ጥበቃ የሚሠራው፣ ጫማ የሚያድሰው ሰው ገቢው ከቤቱ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ የቆመ ነው። ከተማ ዳር ያለ ንጹሕ ቤት ይህን ገቢ ይዞለት አይሄድም።

አራቱ ነዋሪዎች

የመጀመሪያው ባለይዞታው ነው። ካርታ ወይም ሌላ የይዞታ ማረጋገጫ አለው፤ ቤቱ የግሉ ነው። መሬቱ ግን የግሉ አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ያው አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ 8 ላይ፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሰጡት ትርጉም አንድ ነው፦ ካሳው ለቤቱና በመሬቱ ላይ ለተደረገው ነገር እንጂ ለቦታው አይደለም። ባለይዞታው የሚቆጨው እዚህ ላይ ነው። ፒያሳ ያለ 120 ካሬ ሜትርና ከተማ ዳር ያለ 120 ካሬ ሜትር በገበያ ፈጽሞ አይገናኙም፤ በካሳ ስሌት ግን የቦታው ዋጋ የለም። ያንኑ ቦታ ከተማው በሊዝ ጨረታ ሲያወጣው ዋጋው የሚመጣው ከቦታው ነው። ይህ የገማቾች ስህተት አይደለም፤ የሕጉ መዋቅር ነው። ስብሰባ ላይ ገማቹን ሲሞግቱ መዋል የማይረዳው ለዚህ ነው። ልዩነቱን ማጥበብ የሚቻለው በምትክ ቦታው ስፋትና ርቀት ላይ በመደራደር፣ ወይም ከታች በምናነሳው የቅድሚያ ማልማት መብት ነው።

ሁለተኛው የቀበሌ ቤት ተከራዩ ነው። ቤቱ የእሱ ስላልሆነ የቤት ካሳ አያገኝም። በተግባር የሚቀርብለት ምርጫ ሁለት ነው፦ ሌላ የቀበሌ ቤት በምትክ መውሰድ፣ ወይም ቅድሚያ ተሰጥቶት ኮንዶሚኒየም መግዛት። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ጸብ የሚያስነሳው የዚህ ክፍል ችግር የውሉ ነገር ነው። የኪራይ ውሉ አንድ ከሆነ ምትኩም አንድ ነው። በአንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ እናት፣ ያገባ ወንድ ልጅ ከነሚስቱና ከነልጆቹ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ልጅ ጓዳውን ከፍለው ይኖሩ ይሆናል፤ ሦስት ጎጆ ማለት ነው። መዝገቡ ላይ ግን የሚታየው አንድ ስም ነው። ውሉ አሁንም በሟች አባት ስም ካለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ቆጠራው ሲመጣ ውልን ወደ ስም ማዞር ቢጀመር ሰልፉ ሌላ፣ ጥርጣሬው ሌላ ነው። ይህን ጉዳይ ዛሬውኑ፣ ወሬ ከመምጣቱ በፊት፣ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጨረስ ይሻላል።

ሦስተኛው ሰነድ አልባው ነው። ቦታውን ከድሮ ጀምሮ ይዞታል፣ ግብርም ከፍሎበት ይሆናል፣ ካርታ ግን የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ይዞታ ሲጣራ ቤቱ በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታዎች ላይ መታየት አለመታየቱ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ነዋሪ መሰብሰብ ያለበት የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውሃ ውል የተፈረመበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀትና ከቀበሌ የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎች ናቸው። ቀኑ ያረጀ ወረቀት ሁሉ ዋጋ አለው። ሰው «ይህ ምን ያደርግልኛል» ብሎ የሚጥለው የመብራት ደረሰኝ ብዙ ጊዜ ብቸኛው ማስረጃ ሆኖ ይገኛል።

አራተኛው ደባሉና የግለሰብ ቤት ተከራዩ ነው። የሰፈሩ ሕዝብ ትልቅ ክፍል እሱ ሆኖ ሳለ በስብሰባ ብዙም አይጠራም፤ ምትክም ካሳም የለውም። ቤቱ ሲነሳ የሚያጣው ግን መኖሪያውን ብቻ ሳይሆን በአቅሙ የሚከራይበትን ሰፈር ነው፤ ርካሽ ክፍሎች በሙሉ አብረው ስለሚፈርሱ የቀሩት ይወደዳሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያስገድዳል፤ የውሉንም ጊዜ ከሁለት ዓመት ያላነሰ አድርጎታል። ይህ ተከራዩን ከመነሳት አያድነውም። ሆኖም በሰፈሩ መኖሩን የሚያሳይ ሕጋዊ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ቀሪ ውል ካለውና አከራዩ የኪራይ ካሳ ከወሰደም ለመነጋገሪያ መነሻ ይሆነዋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ ዓይነት ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ሲናገር ባለይዞታና ተከራይ ብሎ አልለየም። ይህ አንቀጽ ለአራተኛው ነዋሪ ከሁሉም በላይ ያስፈልገዋል፤ ዝርዝር ሕጎቹ ግን ለእሱ የሚያደርሱት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በእኛ እምነት የመልሶ ማልማቱ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው።

ስብሰባው ላይ ምን ይደረጋል

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። ስለ ይዞታ ማስለቀቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተነሺዎች ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አካሄድ እንዲወያዩ ያዛል። መሬቱ በአስቸኳይ ከተፈለገ ግን ይህ ጊዜ ሊያጥር ይችላል። ይህቺ «በአስቸኳይ» የምትል በር ሰፊ ናት። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሱ ብዙ ቤተሰብ ወሬውን ሰምቶ ዕቃውን እስኪጭን የነበረው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ አንድ ዓመት አለኝ ብሎ ማቀድ አያዋጣም፤ ወረቀቱ ዝግጁ የሆነ ሰው ብቻ ነው በሳምንታት ውስጥ መብቱን ማስከበር የሚችለው።

ስብሰባ ሲጠራ ነዋሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ማይክ ይዞ ብሶቱን መናገር ነው። ይህ ልብን ያሳርፋል፤ ቃለ ጉባኤው ውስጥ ግን «ነዋሪዎች የተለያዩ አስተያየቶችን ሰጥተው ውይይቱ በመግባባት ተጠናቋል» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የዘለለ ነገር አይቀመጥም። መፍትሔው ጥያቄን አስቀድሞ በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለመዝገብ ቤት ገቢ ማድረግ ነው። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን አስገቡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ያ ማኅተም ያለበት ኮፒ ከአሥር ንግግር ይበልጣል፤ በኋላ «ማን ጠይቆ?» ሲባል የሚቀርበው እሱ ነው።

የተሰብሳቢ መፈረሚያ ወረቀቱንም በጥንቃቄ አንብቡ። ርእስ የሌለው ባዶ ሰንጠረዥ ላይ ስምና ፊርማ ከተሰጠ በኋላ ወረቀቱ የስምምነት ቃለ ጉባኤ አባሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ገጹ አናት ላይ «የስብሰባ ተሳታፊዎች መቆጣጠሪያ» የሚል ጽሑፍና ቀን ሳይኖር አትፈርሙ፤ ከሌለ ራሳችሁ ጻፉበት። የተቃወመ ሰው ካለም «ሐሳቤ በልዩነት ይመዝገብልኝ» ማለት ይችላል፤ ይህን ሲል ጸሐፊው መጻፉን ቆሞ ማየት አለበት።

ምን ይጠየቅ? አስቀድሞ፣ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ጸድቋል ወይ? ከጸደቀ መቼና በማን? አዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማ ፕላኖች ሲዘጋጁ ሕዝብ እንዲወያይባቸው ይፈልጋል፤ ስለዚህ ካርታውን ማየት ውለታ አይደለም። ካርታው ላይ የእናንተ ግቢ በምን ቀለም እንደተቀባ እዩ፦ መንገድ ነው፣ አረንጓዴ ቦታ ነው፣ ቅይጥ አገልግሎት ነው ወይስ ከፍተኛ ሕንጻ? ይህ ትንሽ የሚመስል ጥያቄ ሁሉን ይወስናል። ግቢው የመንገድ ስፋት ውስጥ ከገባ የሚቀር ነገር የለም፤ ቅይጥ አገልግሎት ከሆነ ግን ባለይዞታዎች በራሳቸው ማልማት ይችሉ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ስለ መዳረሻው ነው፦ የምንሄደው የት ነው? ቤቶቹ ዛሬ አልቀዋል? ውሃና መብራት ገብቶላቸዋል? የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በምን ያህል ርቀት ላይ ነው? ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙዎች የሄዱት ከተማ ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ነው፤ እዚያና መሀል ከተማው መካከል ያለው ርቀት ለአንድ የቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ከባድ አይደለም።

እናስላው። ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ጉዞ ሁለት ታክሲ ይፈልጋል፣ እያንዳንዱም 20 ብር ነው እንበል። ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው በቀን 80 ብር ይሆናል። ሁለት ሠራተኛ ያለበት ቤት በወር 26 ቀን ቢመላለስ 4,160 ብር ነው። አንድ ተማሪ በድሮ ትምህርት ቤቱ ዓመቱን ልጨርስ ብሎ 22 ቀን ቢመላለስ 1,760 ብር ይጨመራል። በድምሩ 5,920 ብር፤ ከዚህ በፊት በእግሩ ይሄድ ለነበረና ለቀበሌ ጥቂት ብር ኪራይ ይከፍል ለነበረ ቤተሰብ። የራሳችሁን ሰፈር ታሪፍ ይዛችሁ ይህንኑ ስሌት በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ከጥያቄው ጋር አያይዙት። «በጣም ሩቅ ነው» ከሚለው ንግግር ይልቅ ይህች ቁጥር ታሳምናለች፤ የትራንስፖርት ድጎማ ወይም የከተማ አውቶቡስ መስመር ለመጠየቅም መነሻ ትሆናለች።

ኮሚቴ ሲመረጥ ደግሞ ከአራቱም ዓይነት ነዋሪ ሰው ይግባበት። ባለይዞታዎች ሰነድም ጊዜም ስላላቸው ኮሚቴውን ይሞሉታል፤ ከዚያ ድርድሩ ስለ ግምትና ስለ ምትክ ቦታ ብቻ ይሆንና የቀበሌ ተከራዩና ደባሉ ነገሩ ካለቀ በኋላ ይሰማሉ። ሰፈር ለሁለት ተሰንጥቆ የሚጣላው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ግምቱ እንዴት ይሠራል፣ የት ይበላሻል

ገማቾቹ ሜትርና ቅጽ ይዘው ይመጣሉ። መሠረቱን፣ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ጣሪያውን፣ ኮርኒሱን፣ በርና መስኮቱን፣ ከዚያም አጥሩን፣ ኩሽናውን፣ ሽንት ቤቱን፣ የውሃና የመብራት መስመሩን ይመዘግባሉ። እያንዳንዱ ነገር የነጠላ ዋጋ አለው፤ በመጠኑ እየተባዛ ይደመራል። የጭቃ ግድግዳና የብሎኬት ግድግዳ፣ ሊሾ ወለልና ጣውላ ወለል፣ የአቡጀዲ ኮርኒስና የችፑድ ኮርኒስ ዋጋቸው ይለያያል። ካሳው የሚሰላው ንብረቱን ዛሬ ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ ነው፤ ስለዚህ የድሮ የግዢ ዋጋ አይጠቅምም፣ የነጠላ ዋጋው ግን የየትኛው ዓመት እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ሲሚንቶና ብረት በየዓመቱ በሚወደድበት አገር የሁለት ዓመት የቆየ የዋጋ ሰንጠረዥ ቤቱን ግማሽ ያስቀረዋል።

ስህተቱ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዋጋው በኩል ሳይሆን በመጠኑ በኩል ነው። ዋናው ቤት 5 በ6 ነው ተብሎ 30 ካሬ ሜትር ይመዘገባል፤ ከጀርባ ያለው 2 በ3 ኩሽና ይረሳል። የነጠላ ዋጋው ለካሬ 15,000 ብር ቢሆን እንበል፣ የተረሳው 6 ካሬ ብቻ 90,000 ብር ነው። ስለዚህ ገማቾች ከመምጣታቸው በፊት ቤታችሁን ራሳችሁ ለኩ። እያንዳንዱን ክፍል ከውጭ ወደ ውጭ ለክታችሁ በወረቀት ላይ ሣሉት፣ ቁጥሩን ጻፉበት፣ ከአራት ማዕዘን ፎቶ አንሡ። ፎቶው ውስጥ ቀን ይኑር። ቅጹ ሲሞላ አጠገባቸው ቁሙ፤ ሳያልቅ ባዶ ቦታ ያለበትን ቅጽ አትፈርሙ፤ ከፈረማችሁም ኮፒውን በስልካችሁ አንሡት።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይታወቅ፦ የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ የተሠራ ነገር አይካስም። ወሬ ሰምቶ በችኮላ ክፍል የሚጨምር ሰው ገንዘቡን ሜዳ ላይ እየጣለ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ግንባታም እንዲሁ ለክርክር ይዳርጋል።

ከንብረቱ ካሳ ሌላ ሕጉ ሌሎች ክፍያዎችንም ያውቃል። ምትክ ቦታ የተሰጠው ሰው ቤት እስኪሠራ የት ይኑር? ለዚህ በተመጣጣኝ ቤት ኪራይ የሚሰላ የመፈናቀያ ካሳ አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳትም ካሳ አስገብቷል፤ እድሩን፣ ጎረቤቱን፣ ደንበኛውን ጥሎ መሄድ ዋጋ እንዳለው ሕግ ሲያምን ትልቅ ነገር ነው። የካሳ ደብዳቤው አንድ ድምር ብቻ ከያዘ ዝርዝሩን ጠይቁ፦ ለንብረት ስንት፣ ለመፈናቀል ስንት፣ ለማኅበራዊ ትስስር ስንት? ሳይዘረዘር የተከፈለ ካሳ ውስጥ የትኛው እንደቀረ ማወቅ አይቻልም። በ2016 ዓ.ም. አዋጁ ሲሻሻል የካሳ ክፍያ ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ወደ ከተማ አስተዳደሮች ዞሯል፤ ስለዚህ ፕሮጀክቱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቢሆንም ስለ ክፍያው የሚጠየቀው ከተማው ነው።

ወራሾች ለየብቻ ሊነገራቸው ይገባል። ካርታው በሟች ስም ከሆነ ካሳው አይከፈልም፤ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይጠየቃል። ከወራሾቹ አንዱ ውጭ አገር ካለ ውክልናው በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ ከዚያም እዚህ በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ መምጣት አለበት። ይህ ወራት ይፈጃል። ስድስት ወንድማማቾች ተስማምተው እያሉ በአንድ ውክልና መዘግየት ምትክ ቦታ የሚያልፋቸው በዚህ ነው።

«ራሳችን እናልማ» የሚለው ጥያቄ

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይናገራል። ይህ መብት ከሁሉ የሚሻለው ሆኖ ሳለ ከሁሉ ያነሰ ጥቅም ላይ የሚውለው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፕላኑ ለምሳሌ ቢያንስ አምስት ፎቅ ሕንጻ ሲያዝ 80 ካሬ ያለው ሰው ብቻውን አይችልም፤ ከአምስት ጎረቤት ጋር መቀናጀት አለበት። ከአምስቱ አንዱ ወራሽነት ያልጨረሰ፣ አንዱ ቤቱን በባንክ ያስያዘ፣ አንዱ ገንዘቡን በእጁ የሚፈልግ ይሆናል። ከተማው ደግሞ በአጭር ጊዜ ውስጥ የገንዘብ አቅም ማሳያ ይጠይቃል።

በጋራ ለማልማት የሚያስብ ሰፈር የሚጀምረው ከፊርማ አይደለም። የእያንዳንዱ ካርታ ስፋት፣ ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩ በአንድ ሰንጠረዥ ይጻፍ። ከዚያ ድርሻ በምን ይለካል የሚለው ይወሰን፦ በካሬ ነው፣ በመንገድ ፊት ነው ወይስ በቤቱ ግምት? መንገድ ዳር ያለው ሰውዬ ከኋላ ካለው ጋር እኩል ካሬ ይዞ እኩል ድርሻ አይቀበልም፤ በዚህ ካልተስማሙ አብረው ለማልማት የሚያቋቁሙት አክሲዮን ማኅበር ከመመሥረቱ በፊት ይፈርሳል። ስምምነቱ በውል አዋዋይ ፊት ይደረግ። ሦስት ባለይዞታ ተስማምቶ ቢቀርብ ሃያ ባለይዞታ ሳይስማማ ከሚቀርብ ይሻላል።

ኮንዶሚኒየም ወይስ የቀበሌ ቤት?

የቀበሌ ተከራዩ ሲመርጥ ቅድሚያ ክፍያውን ብቻ እያየ ይወስናል። በ20/80 ቤት ዋጋው 1,200,000 ብር ነው እንበል፣ 20 በመቶው 240,000 ብር ነው፤ ቀሪው 960,000 ብር ከነወለዱ በባንክ ብድር የሚከፈል ነው። በዚህ ላይ ቤቶቹ ሲረከቡ የውስጥ ሥራቸው ያልተጠናቀቀ ይሆናል፤ ወለል፣ የውስጥ በር፣ ቀለም፣ የኩሽና ገበታ በራስ ወጪ ነው። ገቢው በየቀኑ የሚለዋወጥ ሰው ወርሃዊ ክፍያውን መቻል አለመቻሉን ከዝቅተኛው ወር ገቢው ጋር ያነጻጽር እንጂ ከጥሩው ወር ጋር አይደለም። የማይችል ሆኖ ሳለ ዕጣውን ወስዶ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ክፍል ፍለጋ የሚዞር ቤተሰብ ብዙ ነው። ይህ ራሱ ስህተት አይደለም፤ ኪራዩ ክፍያውን እስከሸፈነ ድረስ ልጆቹ ንብረት ይኖራቸዋል። ነገር ግን አስቦበት ይሁን።

አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው አዛውንትና አካል ጉዳተኛም አሉ። የ20/80 ሕንጻዎች አብዛኛዎቹ ባለአራት ፎቅ ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የሕክምና ማስረጃ ይዞ ምድር ቤት ይሰጠኝ ማለት ይቻላል፤ ከወጣ በኋላ ግን መለወጥ ከባድ ነው።

ምትክ የቀበሌ ቤት የሚመርጥ ሰው ቤቱን ሳያይ አይፈርም። ቆርቆሮው፣ ግድግዳው፣ ሽንት ቤቱ ከማን ጋር እንደሆነ፣ የመብራት ቆጣሪ አለው ወይ፣ ውስጡ ሌላ ሰው አለ ወይ? «ባዶ ነው» ተብሎ ቁልፍ ይዞ ሄዶ ሰው የሚኖርበት ሆኖ ያገኘ ተነሺ መመለሻ ስለሌለው ይጉላላል፤ የቀድሞ ቤቱ በዚያው ሳምንት ፈርሷልና።

ሰፈሩ ውስጥ የቆየ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ የድሮ ሕንጻ ካለ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ጠይቁ። የተመዘገበ ቅርስ የሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ሳይፈቅድ አይፈርስም። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን ፕላኑ በሚወያዩበት ጊዜ ነው፤ ግሬደሩ ከመጣ በኋላ ቅርስነት የሚያስታውስ የለም።

ቅሬታ

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ትእዛዙ ወይም ግምቱ የደረሰው ሰው ቅሬታውን በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው ያቀርባል። በውሳኔው ካልረካ ይግባኙን በሌላ 30 ቀን ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል። ከማቅረባችሁ በፊት የ2016ቱን ማሻሻያ ጎን ለጎን አንብቡት ወይም ለጠበቃ አሳዩት፤ በሬዲዮ በሰማችሁት አትወስኑ።

ቅሬታ በቡድን ሲቀርብ ሞራል ይሰጣል፤ ነገር ግን «ግምቱ አነስተኛ ነው» የሚል የመቶ ሰው ፊርማ ያለበት ማመልከቻ ውድቅ ለመሆን ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ሰው ፋይል የተለየ ስለሆነ እያንዳንዱ የካርታ ቁጥሩን ወይም የቤት ቁጥሩን ጠቅሶ፣ የተረሳውን ንብረት በልኩ ዘርዝሮ፣ የራሱን ሥዕልና ፎቶ አያይዞ ያቅርብ። የቡድኑ ደብዳቤ ስለ መዳረሻ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መጓጓዣና ስለ ጊዜ ይሁን። ሁለቱ ሲደባለቁ ሁለቱም ይደክማሉ።

ከሰፈር ስትወጡ የሚቀር ጉዳይ ደግሞ አለ። ከወረዳው መሸኛ ውሰዱ፤ ያለ መሸኛ አዲሱ ወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ አይሰጥም፣ መታወቂያ ከሌለም የልጅ ምዝገባና ሌላው ሁሉ ይጓተታል። እድሩ ያለውን ገንዘብ፣ ድንኳንና ወንበር እንዴት እንደሚካፈል ወይም ለየትኛው ክፍል እንደሚተላለፍ ከመበታተኑ በፊት በቃለ ጉባኤ ያስፍር፤ ተበትኖ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ስብሰባ መጥራት አይቻልም። የውሃና የመብራት ቆጣሪውን የመጨረሻ ንባብ በፎቶ አንሥታችሁ ዝጉ፣ የመጨረሻውን ደረሰኝም ያዙ፤ ቤቱ ፈርሶ ቆጣሪው በስማችሁ ክፍት ከቀረ ዕዳው እየቆጠረ ይቀጥላል፣ አዲስ መስመር ስትጠይቁም መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።